የአየር ሽጉጥና የሠዓሊ እጅ

ሽጉጥ የሚለው ቃል ወደ እኛ ሰው ጆሮ ሲገባ ከጨዋታና ከስፖርት ጋር ተያይዞ አይገባም። ጠመንጃ እንኳ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ገበሬው ሰብሉን ከከርከሮና ከዝንጀሮ የሚከላከልበት፣ የሙሽራ አጃቢ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው፣ ፎካሪ በሽለላው መካከል ከፍ አድርጎ የሚያሳየው የክብር ዕቃ ነው። ሽጉጥ ግን ከኮት ሥር የሚሸጎጥ፣ ስሙም ከዚሁ ከመሸጎጥ የወጣ፣ በቅርብ ርቀት በሰው ላይ እንዲውል የተሠራ መሣሪያ ሆኖ ነው በአእምሯችን የተቀረጸው። ዕድሜዬን በብሩሽና በቀለም ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ እኔም ከዚህ የተለየ ሐሳብ ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ ከምኖርባት ከፍራንክፈርት ዳርቻ ባለች ትንሽ የጀርመን ከተማ፣ በገዛ ገንዘቤ ሽጉጥ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስገባ የባለቤቴ ፊት ምን ይመስል እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምተው።

«ይህን ነገር ለምን አመጣኸው?» አለችኝ።

«ለእጄ ነው» አልኋት።

እውነትም ለእጄ ነበር። እኔ በሙያዬ የፊደል ሠዓሊ ነኝ፤ የመጻሕፍት ሽፋን፣ የቴአትር ማስታወቂያ፣ የማኅበራት ዓርማና የሱቅ ሰሌዳ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የእኛ ፊደል ለሚያውቀው ሰው ጨካኝ ነው። የ«ሐ» ሦስት እግሮች እኩል ካልቆሙ፣ የ«ለ» ትከሻ ከእግሮቿ ጋር ካልተስማማ፣ ፊደል የማያነብ ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይገባዋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ ነገሩ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እንጂ ለሕይወት የሚያሰጋ እንዳልሆነ አስረዳኝ፤ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ይሁን እንጂ አንድን መስመር ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ማውረድ ለተሳነው ፊደል ጸሐፊ «ለሕይወት አያሰጋም» የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናም። በዚህ አገር ያሉ ወገኖቻችን ያቋቋሙት አንድ ዕድር አዲስ ሰንደቅ በእጅ እንድጽፍለት ከጠየቀኝ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሰበብ ስፈጥር ከረምሁ።

ወደ ተኳሾች ክበብ የወሰዱኝ ጎረቤቴ ናቸው። ቀድሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበሩ፣ የእርሳስ ፊደል በጣታቸው እየለቀሙ ያደጉ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። (በክበቡ ውስጥ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ «አንተ» ይባባላል፤ በአማርኛ ስጽፋቸው ግን ከ«እርሳቸው» ዝቅ ማለት አልሆነልኝም።) የእጄን ነገር ሲሰሙ አንድም የማጽናኛ ቃል ሳይናገሩ «ሐሙስ ማታ ና» ብቻ አሉኝ።

በጀርመን የተኳሾች ክበብ ሲባል እኛ እንደምናስበው የጦረኞች ስብስብ ማለት አይደለም። ሥሩ በመካከለኛው ዘመን ከተሞች ለመከላከያቸው ካደራጇቸው የነዋሪ ቡድኖች ይመዘዛል፤ ዛሬ ግን የማርሽ ባንድና ዓመታዊ በዓል ያለው የመንደር ማኅበር ሆኗል። በብዙ ሥፍራ በበዓሉ ቀን ከረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የእንጨት ወፍ ይተኮስበታል፤ የመጨረሻዋን ስባሪ የጣለም ሰው ለአንድ ዓመት «ንጉሥ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ልማድ በአገሪቱ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። በአሥራ አምስት ዓመቴ ንጉሥ ከዙፋኑ ሲወርድ ያየሁ ሰው ነኝና፣ በየዓመቱ ደም ሳይፈስ የሚሻር ንጉሥ ማየት ፈገግ አሰኝቶኛል።

የጀማሪው መሣሪያ የአየር ሽጉጥ ነው። ባሩድ የለውም፤ የታመቀ አየር ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ስፋቷ 4.5 ሚሊሜትር የሆነች የእርሳስ ጥይት ይገፋል። ዒላማው በ10 ሜትር ርቀት የተሰቀለ ወረቀት ነው። ጥቁሩ ክብ 59.5 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው፣ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው የመካከሉ ቀለበት 11.5 ሚሊሜትር፣ ማለትም የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነች። ተኳሹ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ብቻ ይተኩሳል። ሙሉ ውድድር 60 ጥይት ሲሆን ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ይህ ዓይነቱ ውድድር ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ጀምሮ በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ከባልደረባው ጋር የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ፣ ተራ መነጽር አድርጎ ግራ እጁን በኪሱ ከትቶ የቆመበት ፎቶግራፍ ዓለምን ሁሉ አዳርሷል። ብዙ ሰው የሰውየውን ግድየለሽነት አደነቀ። ግራ እጅን በኪስ መክተት ግን የማንኛውም ጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ሥራ የሌለው እጅ ሲወዛወዝ ሰውነትን ሁሉ ይዞ ይወዛወዛልና።

በክበቡ የጋራ ሽጉጥ ሁለት ወር ከተለማመድሁ በኋላ የራሴን ለመግዛት ወሰንሁ። የውድድር ሽጉጥ ዋጋ ግን ለጡረተኛ ሠዓሊ አይደለም፤ ታዋቂዎቹ የኦስትሪያ፣ የስዊዘርላንድና የጀርመን ሥሪቶች በአብዛኛው ከ1,500 ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ። እኔ ከ300 ዩሮ በታች ከፍዬ ያገኘኋት አሮጌ የሩሲያ ሽጉጥ ናት፤ መለያዋ ኢዥ-46ኤም፣ የንግድ ስሟም ባይካል ይባላል። የደኻ ተኳሽ መሣሪያ እየተባለች በብዙ አገር ትታወቃለች። የዚህ አገር ሕግ ኃይላቸው ከ7.5 ጁል የማይበልጥና የተወሰነውን ምልክት የያዙ የአየር መሣሪያዎችን ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዲገዛ ይፈቅዳል፤ በመንገድ ሲጓጓዝ ግን በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት።

የተሠራችበት ሥፍራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢዤቭስክ እ.ኤ.አ. ከ1807 ጀምሮ መሣሪያ የሚመረትባት፣ ክላሽንኮቭ የሚሠራባት ከተማ ናት። የእኔዋን ሽጉጥ የሠራው የከተማይቱ መካኒካል ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ማካሮቭን ያመረተው ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሌላው የከተማዋ ፋብሪካ ጋር ተዋሕዶ በክላሽንኮቭ ስም ተጠቃለለ፤ በማግስቱ ዓመትም ዩናይትድ ስቴትስ ማዕቀብ ጣለችበት።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ታላቅ ወንድሟን ከቤት የወሰዱት ሰዎች በእጃቸው ይዘውት የነበረው ማካሮቭ ነው። ወንድሟ አልተመለሰም። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ይህችስ ሰው ትገድላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይን ልታጠፋ እንደምትችል፣ መጫወቻም እንዳልሆነች፣ ለጦርነት ግን እንደማትረባ ነገርኋት። «እንግዲያው ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሣጥኑ ቁልፍ በእርሷ መቀነት ነው። ሐሙስ ማታ እየለመንሁ እወስዳለሁ፤ ስመለስም ሳትጠይቀኝ እመልሳለሁ። ትክክለኛ ሥርዓት ይመስለኛል፤ ልለውጠውም አላሰብሁም።

አሁን ወደ ዕቃዋ ልመለስ። በመጀመሪያ ስትታይ አታምርም። ብረቷ ላይ የማሽን ጥርስ ያለፈበት ጭረት ይታያል፤ ጥቁር ቀለሟ እዚህ ወፍሮ እዚያ ሳስቷል፤ ሠራተኛው ከውጭ የማይነካውን ጠርዝ ለማለስለስ ጊዜውን እንዳላባከነ ግልጽ ነው። አፈሙዟን በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም። ሽማግሌው ሽጉጧን ከጠረጴዛ ላይ በከረጢት አሸዋ አስደግፈው አምስት ጥይት ሲተኩሱባት አምስቱም በአንዲት የተቀደደች ቀዳዳ ውስጥ ገቡ። እርሳቸውም «እንግዲህ ሰበብ የለህም» ብለው ሰጡኝ።

አሠራሯ ቀላል ነው። ከአፈሙዙ በታች ረጅም ዘንግ አለ። ዘንጉን ወደ ፊት ዘርግቶ ጥይቷን ማጉረስ፣ ከዚያም ዘንጉን በኃይል ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ በዚህች በአንዲት ግፊት ለአንድ ጥይት የሚበቃው አየር ይታመቃል። ውድ የሆኑት ሽጉጦች እስከ 200 ባር የተሞላ የአየር ጠርሙስ ስላላቸው ተኳሹ አይደክምም። በእኔዋ ግን 60 ጥይት ማለት 60 ጊዜ መግፋት ማለት ነው። ከሠላሳኛው በኋላ ክንዴ ይዝላል፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። በአንጻሩ የአየሩ መጠን ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው እምብዛም አይለዋወጥም፤ ሲተኮስም ሽጉጧ ወደ ኋላ አትገፋም ለማለት ያስደፍራል። ድምፅዋም ወፍራም መጽሐፍ በጠረጴዛ ላይ ሲጣል የሚሰማውን ያህል ነው። በሽለላ መካከል የጠመንጃ ጩኸት ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ጸጥታ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ቆይቶ ግን ይጣፍጣል።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ እጀታዋ ነበር። እጀታው የእንጨት ሆኖ እያንዳንዱ ተኳሽ ለመዳፉ እንዲሞርደው ታስቦ በወፍራሙ የተሠራ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት በሚገባ ሞርዶታል፤ ለራሱ እጅ። በመጀመሪያ ስጨብጠው የማላውቀውን ሰው እጅ የጨበጥሁ መሰለኝ። አውራ ጣቱ ከእኔ ይረዝማል፤ መዳፉ ሰፊ ነው፤ የቀለበት ጣቱ ያረፈበት ጉድጓድ ለእኔ ሁለት ጣት ይይዛል። እንዲህ ያለው እጀታ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲይዘው ሽጉጧ በእያንዳንዱ ጊዜ በሌላ ማዕዘን ትቀመጣለች።

የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ብርዓቸውን ከመቃ ራሳቸው ይቀርጻሉ፤ ጫፉም እንደ ጸሐፊው እጅ አያያዝ ይቆረጣል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሼ የሰውየውን ጉድጓዶች ደፈንሁ፤ ሁለት ቀን ካደረቅሁት በኋላ መዳፌን በከሰል ዱቄት እያጠቆርሁ እጨብጠው ጀመር። ጥቁር የነካው ቦታ ይገፋኛል ማለት ነው፤ ያንን በሞረድ እበላዋለሁ። ያልነካው ቦታ ባዶ ነው፤ ያንን እሞላዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ምሽት ሠራሁ። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስሁት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ክንዴን ስዘረጋና ዓይኔን ስገልጥ ማነጣጠሪያው በራሱ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ብዙ ሥዕል ጨርሻለሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የጨረስሁት ግን ጥቂት ነው። የሰውየው አውራ ጣት የነበረበትን ቦታ ጥቂት ትቼለታለሁ፤ አይጎዳኝም።

የምላጩ ጉዳይ በካቻቢቴ የሚፈታ ነበር። ደንቡ ምላጩ ከ500 ግራም ባነሰ ክብደት እንዳይሳብ ይከለክላል፤ የእኔዋ ስትመጣ ከዚያ በጣም ትከብድ ነበር፤ ጉዞዋም ረጅምና ሸካራ ነበር። ሽማግሌው ትንንሾቹን ብሎኖች ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያዞሩ አስተካከሏት። አሁን መጀመሪያ ለስላሳ ጉዞ ታደርጋለች፤ ከዚያም እንደ ግድግዳ የምትቆምበት ቦታ አለ፤ ከግድግዳው በኋላ ጣት ያሰበውን ያህል ስትጫን ትለቃለች። እንደ ብዙ ውድ ሽጉጦች ያለ ጥይት ምላጩን ብቻ እየሳቡ መለማመድ ይቻላል። እኔም በየማለዳው ሃያ ጊዜ ነጭ ግድግዳ እያየሁ እስባለሁ፤ በእርግጥ ቁልፉ ከተፈቀደልኝ።

ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። እኔ ወደ ክበቡ የሄድሁት እጄን ለማስቆም ነበር፤ ለዚህ ነው ገንዘብ ያወጣሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርግሁት የነበረው እንደሚከተለው ነው፦ ክንዴን እዘረጋለሁ፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በጥቁሩ ክብ ሥር ይዋልላል፤ ትንፋሼን አፍኜ እጠብቃለሁ፤ ልክ ቦታው ላይ በደረሰባት ቅጽበት «አሁን!» ብዬ ምላጩን እነጥቃለሁ። ውጤቱ ሦስት፣ አንዳንዴም ከወረቀቱ ውጭ ነበር። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መንቀጥቀጡን ተወው። እየተንቀጠቀጥህ ምላጩን ቀስ ብለህ መሳብህን ቀጥል፤ መቼ እንደሚተኮስ አትወስን።»

ለካ ቆሞ የሚቀር እጅ የለም። የልብ ትርታ አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ የጡንቻ ድካም አለ፤ የዓለም ሻምፒዮኑም እጅ ይንቀሳቀሳል፤ የእርሱ ጠባብ፣ የእኔ ሰፊ ነው እንጂ። ነገሩን በስሌት ሲያስረዱኝ ይበልጥ ገባኝ። እጅ ሁለቱን ማነጣጠሪያዎች አስተካክሎ እንደያዘ ሽጉጧን በሙሉ አምስት ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢወስዳት፣ ጥይቷ የምትስተው ያንኑ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ አሁንም አሥር ውስጥ ነች። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 35 ሳንቲሜትር ርቀት አለ እንበል፤ የፊተኛው ከኋለኛው ስንጥቅ መካከል በአንዲት ሚሊሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ ግን በ10 ሜትር ላይ ስሕተቱ ከ28 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል፤ ሦስት ቀለበት ተኩል። ይህችን አንዲት ሚሊሜትር የሚያመጣት ምላጩን የመንጠቅ ችኮላ ነው። ስለዚህ ዓይን ዒላማውን ማየት የለበትም። ዓይን የሚያርፈው በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ነው፤ ዒላማው እንደ ጭጋግ ደብዝዞ ይታያል። «አለመ» ስንል ሕልም ያየውንም፣ ያነጣጠረውንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ የዚያን ምሽት ይህ ቃል ያለ ምክንያት በሁለት ቤት የሚኖር አልመሰለኝም።

ስለ እጅ ከተነሳ የሐንጋሪውን ወታደር የካሮይ ታካችን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ሽማግሌውም ፎቶግራፉን በግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ ሳለ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን አጠፋበት። ለማንም ሳይናገር በግራው ተለማመደ፤ በ1948 በለንደን፣ በ1952 ደግሞ በሄልሲንኪ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። የእኔ ጉዳይ ከእርሱ ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ያንን ፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በግራ እጄ «ሀ ሁ»ን ለመጻፍ ሞክሬያለሁ። አስቀያሚ ነበር፤ ተውሁት።

ከአራት ወር ልምምድ በኋላ ውጤቴ በ40 ጥይት ከ400 ነጥብ 310 ገደማ ደርሷል። ለክበቡ ወጣቶች ይህ ሳቅ ነው። እጄ አልዳነም፤ ቡና ስጠጣ ሲኒው አሁንም ከማስቀመጫው ጋር ይጋጫል። ባለፈው ወር ግን አንድ ትልቅ ወረቀት በግድግዳ ላይ ወጥሬ ወፍራም ብሩሽ ያዝሁ። ትንፋሼን አላፈንሁም፤ «አሁን!» አላልሁም፤ ዓይኔን ከብሩሹ ጫፍ ሳልነቅል የ«ዕ»ን አንገት አወረድሁ፤ መስመሩ ካለቀ በኋላም ከተኮሱ በኋላ እንደሚደረገው እጄን ለአንድ ሰከንድ ባለበት አቆየሁት። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። በውስጡ የሚሄድ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ነገር አለ፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባለቤቴ መጥታ አየችውና «ድሮ ከምትጽፈው ይሄኛው ይሻላል» አለች። ላጽናናህ ብላ የምትናገር ሴት አይደለችምና አመንኋት። ለዕድሩ ሊቀመንበር በማግስቱ ስልክ ደወልሁ፤ የሰንደቁን ጨርቅ ልኮልኛል፤ «ዕድር» የሚለው ቃል ብቻ አልቋል።

ሽጉጧን በተመለከተ የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። ዘንጉን ከመለስሁ በኋላ ጥቂት ብጠብቅ ከውስጧ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ አየሩን የምትይዘው የጎማ ቀለበት ከእርጅና የተነሳ ደርቃለች። ጥይቷም ከዚህ የተነሳ ወደ ታች መውደቅ ጀምራለች። ሽማግሌው ሁለት ቀለበት እንዳዝዝ መክረውኛል፤ አንዱ ለመለወጫ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ። ዋጋቸው ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ነው፤ እስኪመጡ ድረስ ከክበቡ የጋራ ሽጉጥ ጋር ሆኛለሁ፤ እጀታዋ ግን ለማንም እጅ አልተሠራም።